ኢንቨርተሩን መጨረሻ ግዙት

መብራት በጠፋ ሰሞን ስልኬ አያርፍም። ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው፤ «ስንት ዋት ኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይር ዕቃ) ልግዛ?» ዘመድም ይጠይቃል፣ ጎረቤትም ይጠይቃል፣ ሱቅ ያለውም ይጠይቃል። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። ምን ምን ልታስነሳበት ነው? ለስንት ሰዓት? መብራቱስ አንዴ ከመጣ ስንት ሰዓት ቆይቶ ነው የሚጠፋው? እነዚህን ሳይመልስ ሱቅ የሚገባ ሰው ሻጩ ያለውን ይዞ ይወጣል። ኢንቨርተር መጨረሻ ላይ የሚገዛ ዕቃ ነው። መጀመሪያ ጭነቱ (የምትሰኩት ዕቃ ሁሉ የሚበላው)፣ ቀጥሎ ባትሪው፣ ከዚያ ገመዱ፣ ከዚያ በኋላ እሱ።

የህዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ «ከእንግዲህ ኢንቨርተር ምን ያደርጋል?» ያሉኝ ሰዎች ነበሩ። ግድቡ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ትልቅ ነገር ነው፣ ደስ ብሎኛል። ግን ኃይል መመንጨቱና ኃይሉ ቤታችሁ መድረሱ ሁለት ነገር ነው። የሰፈሩ ትራንስፎርመር ከተቃጠለ ወይም ምሰሶ ከወደቀ ግድቡ ሞልቶም እናንተ በጨለማ ናችሁ። ስለዚህ ጥያቄው ገና አልቀረም።

ነገሩን በሮቶ አስቡት። ባትሪው ሮቶው ነው፣ ኢንቨርተሩ ቧንቧው። ቧንቧው ስለሰፋ ውሃው አይበዛም፤ እንዲያውም ቶሎ ያልቃል። የኢንቨርተሩ ዋት የሚነግራችሁ በአንድ ጊዜ ምን ያህል ዕቃ መሰካት እንደምትችሉ ብቻ ነው። ስንት ሰዓት እንደምትቆዩ የሚወስነው ባትሪው ነው። 3000 ዋት ኢንቨርተር ከአንድ ባትሪ ጋር ገዝቶ «ሁለት ሰዓት እንኳ አልቆየልኝም» የሚል ሰው አጋጥሞኛል፤ ኢንቨርተሩን ይራገማል፣ ኢንቨርተሩ ግን ምንም አላጠፋም።

እስቲ አንድ ተራ ቤት እናስላ። ራውተር 10 ዋት ገደማ። አራት ኤልኢዲ አምፖል እያንዳንዱ 9 ዋት፣ 36። ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥን 50 ገደማ። ላፕቶፕ 60። ሁለት ስልክ ቻርጅ ሲደረግ 30። ድምሩ 186 ዋት ነው። ኢንቨርተሩ ራሱም ምንም ሳይሰካበት የሚበላው አለ፤ ትንንሹ ከ10 እስከ 20 ዋት፣ ትልልቁ ሃይብሪድ (ከመብራትም ከሶላርም የሚሠራው) 50ም ከዚያ በላይም ይበላል፣ ይህ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ሲሰላ ቀላል አይደለም። በደምሳሳው 200 ዋት እንበል። ለአራት ሰዓት 800 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ኢንቨርተሩ ሲቀይር የሚያባክነውን ስትጨምሩ 900 ገደማ ያዙ።

አሁን ወደ ባትሪው። 12 ቮልት 100 አምፒር-ሰዓት የሚል የአሲድ ወይም የጄል ባትሪ በወረቀት 1200 ዋት-ሰዓት ነው። ግን ከግማሽ በታች ካወረዳችሁት ዕድሜው ያጥራል፤ ስለዚህ በእጃችሁ ያለው 600 ነው። ለዚህ ቤት ሁለት ባትሪ ያስፈልጋል ማለት ነው። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ደግሞ ያው 100 አምፒር-ሰዓት ሆኖ 12.8 ቮልት ነው፣ 1280 ዋት-ሰዓት፤ ከዚህ ውስጥ 80 እና 90 በመቶውን ያለ ስጋት ትጠቀሙበታላችሁ። አንዱ ይበቃል። ዋጋ ስታወዳድሩ አንድ ለአንድ አታወዳድሩ፤ አንድ ሊቲየም ከሁለት አሲድ ጋር ነው የሚወዳደረው።

ሊቲየምን የምመርጥበት ሌላ ምክንያትም አለኝ፣ እሱም መብራታችን የሚመጣበት ሁኔታ ነው። የአሲድ ባትሪ ቀስ ብሎ ነው የሚሞላው። 200 አምፒር-ሰዓቱን በ20 አምፒር ቻርጀር ብታስገቡት አሥር ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፣ የመጨረሻዋ 20 በመቶ ደግሞ እየተንቀረፈፈች ነው የምትገባው። መብራት ለአራት ሰዓት መጥቶ ለስድስት ሰዓት በሚጠፋበት ሰፈር ይህ ባትሪ አንድም ቀን ሙሉ ሆኖ አያድርም። ሳይሞላ የሚቆይ አሲድ ባትሪ ደግሞ ውስጡ ይደነድናል፣ አቅሙም እየቀነሰ ይሄዳል፤ ሰዎች «ስድስት ወር ሠርቶ ሞተ» የሚሉት ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ሊቲየም በሁለት በሦስት ሰዓት መሙላት ይችላል፣ በግማሽ ቢያድርም አይጎዳም። መብራት በሳምንት አንዴ ለሁለት ሰዓት ብቻ የሚጠፋበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ግን ጥሩ ጄል ባትሪ በቂ ነው። ሁሉም ሰው ሊቲየም ይግዛ አልልም።

የመኪና ባትሪስ? ለቤት ባትጠቀሙበት ይሻላል። እሱ የተሠራው ለጥቂት ሰከንድ ብዙ አምፒር ሰጥቶ ሞተር እንዲያስነሳ ነው። ለሰዓታት እየወረደ እንዲሠራ አልተሠራም። ዲፕ ሳይክል የሚባለውን ጠይቁ።

ፍሪጅ ያላችሁ ደግሞ ስሌቱ ትንሽ ይቀየራል። የቤት ፍሪጅ ሲሠራ 120 ወይም 150 ዋት ቢበላ ነው፣ እሱም ቀኑን ሙሉ ሳይሆን እየተነሳ እየቆመ። ችግሩ መነሻው ላይ ነው። ኮምፕረሰሩ ሲነሳ ከመደበኛው አምስት ስድስት እጥፍ ይስባል፣ ለአፍታ ብቻ። ስለዚህ 150 ዋት የሚበላ ፍሪጅ 300 ዋት ኢንቨርተር ላይ አይነሳም። ግር ይላል፣ ኢንቨርተሩ ይጮኻል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይሞክራል። እንዲህ እየሞከረ ሲውል የሚጎዳው ኮምፕረሰሩ ነው። ለፍሪጅ 1000 ዋት በእውነት የሚሰጥ፣ ለአፍታ ደግሞ እጥፉን የሚችል ኢንቨርተር ያዙ። አዳዲሶቹ ኢንቨርተር ኮምፕረሰር ያላቸው ፍሪጆች (ስሙ ተመሳሰለ እንጂ ከባትሪው ኢንቨርተር ጋር አይገናኝም) ቀስ ብለው ስለሚነሱ ከዚህ ችግር ነፃ ናቸው። ፍሪጅ ልትቀይሩ ካሰባችሁ ይህን አስቡበት።

ምጣድስ ያላችሁኝ እናቶች አላችሁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ነው የሚበላው። በ12 ቮልት ባትሪ ወደ 300 አምፒር ይሆናል፤ የማይታሰብ ነው። በ48 ቮልት ይቻላል። ግን አንድ ሰዓት ተኩል እንጀራ ብትጋግሩ 5 ኪሎ ዋት-ሰዓት አለቀ። አንድ ትልቅ ባለ 48 ቮልት 100 አምፒር-ሰዓት ሊቲየም ጠቅላላው 5.12 ነው። የመቶ ሺዎች ብር ባትሪ በአንድ ጋገራ ታሟጥጣላችሁ ማለት ነው። መብራት ሲመጣ ጋግሩ። ካውያ፣ ውሃ ማፍያ፣ ስቶቭ፣ የሻወር ማሞቂያ፣ የሚያሞቅ ነገር ሁሉ እንዲሁ ነው። ሻጩ «ይሄ ቤቱን ሙሉ ያነሳል» ካላችሁ ምጣዱንም ጨምሮ ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁት።

ፒዩር ሳይን ዌቭ (እንደ መብራት ኃይሉ ለስላሳ ሞገድ የሚያወጣ ኢንቨርተር) ወይስ ሞዲፋይድ (ርካሹ፣ ሞገዱ ለስላሳ ያልሆነው)? ይህን በወሬ ከማስረዳ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሰፈራችን ያለ ፀጉር ቤት መብራት ሲጠፋ ሥራ እንዳይቆም ብሎ ርካሽ ሞዲፋይድ ኢንቨርተር ገዛ፣ 1000 ዋት የሚል። ልጁ ጠርቶኝ ሄድኩ። አምፖሉ በርቷል፣ ስልክ ቻርጅ እያደረገ ነው። የፀጉር ማሽኑን ሲሰካው ግን ሌላ ድምፅ አወጣ። ያ የለመድነው ለስላሳ ንዝረት የለም፤ ያጉረመርማል፣ ምላጩ ፀጉሩን ከመቁረጥ ይልቅ ይነጫል፣ ትንሽ ሲቆይ ደግሞ ማሽኑ መያዝ እስኪያቅት ሞቀ። ማሽኑ አልተበላሸም። እንዲህ ዓይነቱ ማሽን የሚንቀጠቀጠው በሚመጣለት የመብራት ሞገድ ነው፣ ሞዲፋይዱ ደግሞ የሚልክለት ሞገድ ለስላሳ ሳይሆን በደረጃ የተቆራረጠ ነው። ሞተር ያለው ነገር ሁሉ በእንዲህ ዓይነት ሞገድ ይሞቃል፣ ይጮኻል፤ ፍሪጅ፣ ፋን፣ የውሃ ፓምፕ። ላፕቶፕና ስልክ ቻርጀር አብዛኛውን ጊዜ ይታገሡታል። ዛሬ የሁለቱ ዋጋ ተቀራርቧል፤ ለቤት ከሆነ ፒዩር ሳይን ብቻ ግዙ፣ በዚህ አልደራደርም። ሱቅ ውስጥ ለመለየት ደግሞ ተራ መልቲሜትር አትመኑ፤ ሞዲፋይዱን ሲለካ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል። ፋን ወይም የፀጉር ማሽን ይዛችሁ ሂዱና ሰክታችሁ ድምፁን ስሙ።

እዚያው ፀጉር ቤት ሌላም ነገር አየሁ። ከባትሪው ወደ ኢንቨርተሩ የሄደው ገመድ ቀጭን ነበር፣ ከቤት ሶኬት ገመድ ብዙም የማይበልጥ። በእጄ ነካሁት፤ ፕላስቲኩ ለስልሷል፣ ባትሪው ጫፍ ላይ ያለው ማሰሪያ ደግሞ ያቃጥላል። ይህን ሰው ሁሉ ስለሚንቀው ሒሳቡን ላሳያችሁ። 1000 ዋት ከ12 ቮልት ባትሪ ሲወጣ ብክነቱ ተጨምሮ ወደ 93 አምፒር ነው። ገመዱ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ ቢሆንና ሁለት ሜትር ሄዶ ሁለት ሜትር ቢመለስ፣ ገመዱ ላይ ብቻ ከ1 ቮልት በላይ ይጠፋል፣ ወደ 100 ዋት ደግሞ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ኢንቨርተሩ ጋ የሚደርሰው ቮልቴጅ ስለሚወርድ «ባትሪ አለቀ» ብሎ ይጮኻል፣ ባትሪው ግን ገና ሙሉ ነው። ሰውየው ሄዶ ሌላ ባትሪ ይገዛል፣ ችግሩ ያው ነው። ለ1000 ዋት በ12 ቮልት ቢያንስ 25 ሚሊ ሜትር ካሬ መዳብ አድርጉ፣ 35 ቢሆን ይመረጣል፣ አጭርም ይሁን። ከባትሪው አጠገብ ደግሞ ፊውዝ ይግባ። ባትሪ ሾርት ሲሆን የሚያወጣው አምፒር ብረት ይበይዳል፣ ቆጣሪያችሁ ላይ ያለው ብሬከር እዚህ ጋ ምንም አያደርግላችሁም።

ለዚህም ነው ከ1500 ዋት በላይ ለሚያስብ ሰው 24 ቮልት፣ ከ3000 በላይ ደግሞ 48 ቮልት የምለው። ቮልቱ እጥፍ ሲሆን አምፒሩ ግማሽ ይሆናል። ገመዱ ይቀጥናል፣ ሙቀቱ ይቀንሳል።

ካርቶኑ ላይ ስለተጻፈው ዋት አንድ ነገር ልበል። ብዙ ርካሽ ዕቃ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ለአፍታ የሚችለው ነው፤ ሳያቋርጥ የሚችለው ግማሹ ነው፣ እሱም በደቃቅ ፊደል፣ ካለ። ጥሩ አምራች እውነቱን ይጽፋል። ለምሳሌ ቪክትሮን መልቲፕላስ በሚባለው ኢንቨርተር ላይ 3000 የሚለው ቁጥር ቪኤ (ቮልት-አምፒር) ነው፤ በዋት 2400 ነው፣ እሱም በ25 ዲግሪ ሙቀት፣ በ40 ዲግሪ ወደ 2200 ይወርዳል። ይህን ሁሉ ራሱ አምራቹ ጽፎታል። ማኑዋሉ ይህን የማይነግራችሁ ዕቃ ከሆነ ተጠራጠሩ። ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ ስስ አየር ደግሞ ዕቃን እንደልብ አያቀዘቅዝም። ብዙ የኢንቨርተር ማኑዋሎች ሙሉ አቅም የሚሰጡት እስከ 1000 ወይም እስከ 2000 ሜትር ድረስ ነው ይላሉ። እዚህ ያለ ሰው ከተጻፈው ላይ ትንሽ ቀንሶ ማሰብ አለበት። ድሬዳዋ፣ ጋምቤላ፣ ሰመራ ያላችሁ ደግሞ ከፍታው ሳይሆን ሙቀቱ ነው የሚያስቸግራችሁ፤ የአሲድ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል ይባላል፣ እናም ባትሪውን ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አታስቀምጡት።

ቻርጀር ያለው ኢንቨርተር ስትገዙ የሚቀበለውን የመብራት ቮልቴጅ ተመልከቱ። ማታ ማታ መብራታችን 180 እና ከዚያም በታች የሚወርድባቸው ሰፈሮች አሉ። ብዙዎቹ ሁለት ምርጫ አላቸው፤ አንዱ ጠበብ ያለ፣ ከ170 በታች ሲሆን ወደ ባትሪ የሚዞር፣ ሌላው እስከ 90 ድረስ የሚታገሥ። መብራት እያለ ባትሪያችሁ የሚያልቅ ከሆነ ይህን ምርጫ እዩት።

አሁን ከልቤ የምለምናችሁ ነገር። ሁለቱም ጫፉ ሶኬት ውስጥ የሚገባ ገመድ ሠርታችሁ ኢንቨርተሩን ግድግዳ ሶኬት ላይ አትሰኩ። እባካችሁ። መብራት በድንገት ሲመጣ ኢንቨርተሩ ይቃጠላል፤ እሱ ይሁን። የባሰው ግን ከእናንተ ቤት የወጣው ኃይል ወደ መስመሩ ሊመለስ መቻሉ ነው፣ ምሰሶው ላይ ደግሞ «መብራት የለም» ብሎ የወጣ ሠራተኛ አለ። ሰው ይሞታል። መቀየሪያ ማብሪያ አስገቡ፣ ወይ መብራት ኃይል ወይ ኢንቨርተር፣ ሁለቱ በምንም መንገድ የማይገናኙበት፤ ለዚህ ደግሞ ሙያውን የሚያውቅ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ። የአሲድ ባትሪ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል፤ መኝታ ቤት አልጋ ሥር አይቀመጥም፣ አየር ያለበት ቦታ ይሁን።

ለመኪና የምትፈልጉ፣ የእናንተ ቀላል ነው። ሲጋራ መለኮሻው ፊውዝ ብዙ ጊዜ 15 አምፒር ነው፣ ስለዚህ ከ150 ዋት በላይ እዚያ አትጠብቁ። ላፕቶፕና ካሜራ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ በቀጥታ ከባትሪው በወፍራም ገመድና በፊውዝ። ሞተር አጥፍታችሁ 100 ዋት ለሦስት ሰዓት ብትጠቀሙ ከ60 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ግማሹ ሊሄድ ነው፣ ጠዋት ላይነሳ ይችላል። አይሱዙ የጭነት መኪናና ሲኖትራክ የምትነዱ ወንድሞች፣ መኪናችሁ 24 ቮልት ነው፣ ባለ 24 ቮልት ኢንቨርተር ግዙ። ከሁለቱ ባትሪ ከአንዱ ብቻ 12 ቮልት መሳብ አንዱን ያደክማል፣ ሌላውን ደግሞ ከመጠን በላይ ያስሞላል፤ መጨረሻ ሁለቱንም ትቀይራላችሁ። የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት የመኪናችሁን ማኑዋል እዩ፤ ብዙ የቢዋይዲ ሞዴሎች በራሳቸው 220 ቮልት ያወጣሉ፣ የሚያስፈልጋችሁ ማገናኛ ገመዱ ብቻ ሊሆን ይችላል።

መስመር ያልደረሰበት ገጠር ላይ ሶላር ለምታስቡ፣ አንድ ባለ 550 ዋት ፓኔል በጥሩ ቀን ወደ 2 ኪሎ ዋት-ሰዓት ይሰጣል። ሒሳባችሁን ግን በጥር ፀሐይ አትሥሩ፤ በሐምሌና በነሐሴ ደመና ሥሩ፣ ግማሹን ያዙ። ፓኔል በተከታታይ ስታያይዙ ደግሞ ኢንቨርተሩ የሚችለውን ከፍተኛ ቮልት አትለፉ። ባለ 550ው ያለ ጭነት 50 ቮልት ገደማ ነው፣ ሦስቱ 150 ይሆናሉ፤ 145 ብቻ የሚችል ኢንቨርተር ላይ ከሰካችሁ በመጀመሪያው ብርዳማ ጠዋት ታቃጥሉታላችሁ፣ ምክንያቱም ፓኔል ሲቀዘቅዝ ቮልቱ ይጨምራል። ዋስትናም ይህን አይሸፍንም።

ኢንተርኔት እንዳይቋረጥባችሁ ብቻ የምትፈልጉ ደግሞ ኢንቨርተር አትግዙ። ብዙው ራውተር የሚሠራው በ12 ቮልት ነው። የባትሪ 12ን ወደ 220 ቀይሮ መልሶ ወደ 12 ማውረድ ብክነት ነው። ለራውተር ተብላ የተሠራች ሚኒ ዩፒኤስ አለች፣ በእጅ የምትያዝ፣ ሰዓታት የምታቆይ። በቀሪው ብር ሌላ ሥሩበት።

ውጭ ዘመድ ያላችሁ «ላክልኝ» ከማለታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። የአሜሪካ ኢንቨርተር የሚያወጣው 120 ቮልት 60 ኸርዝ ነው፤ እዚህ ፍሪጅ በደንብ አያስነሳላችሁም፣ የእኛ 220 ቮልት 50 ኸርዝ ነው። ሳዑዲ ቮልቱ ቢመሳሰልም 60 ኸርዝ ነው፣ አንዳንዱ ዕቃ 50 ላይ ማስተካከያ አለው፣ አንዳንዱ የለውም። ከዱባይ፣ ከኳታር፣ ከእስራኤልና ከአውሮፓ የሚመጣው ችግር የለበትም። ባትሪ ግን በሻንጣ አያስቡት፤ የመንገደኛ አውሮፕላን ከ160 ዋት-ሰዓት በላይ ሊቲየም አይቀበልም፣ ያ ቅድም ያሰላነው አንዱ ባትሪ ደግሞ 1280 ነው። ኢንቨርተሩን ብቻ ይላኩ፣ ከመክፈላቸው በፊት ደግሞ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንስተው ይላኩላችሁ፤ ቮልቱን፣ ኸርዙን፣ ሳያቋርጥ የሚሰጠውን ዋትና የሚፈልገውን የባትሪ ቮልት አንብባችሁ ግዙልኝ በሉ።